ፒልግሪምስ ረስት፦ ወርቅ የቆረቆራት፣ ተረት ያቆያት መንደር

ከጆሃንስበርግ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ መንገደኛ፣ በደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ ግዛት ከግራስኮፕ ከተማ በስተጀርባ ያለውን ተራራ ሲወርድ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶችን ያገኛል። መንደሯ ፒልግሪምስ ረስት ትባላለች፤ “የተሳላሚው ማረፊያ” እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ወደዚህ ሸለቆ የጎረፈው ለስለት ሳይሆን ለወርቅ ነበር።

ወርቁን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው አሌክ ፓተርሰን የተባለ ብቸኝነትን የሚወድ ቆፋሪ ነው። ጓዙን ሁሉ በእጅ ጋሪ እየገፋ ይዞር ስለነበር “ባለጋሪው” የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። አህያው ስለረገጠችው ጋሪን መረጠ የሚሉም አሉ። አቅራቢያ ያለው የማክማክ ሠፈር በሰው ሲጨናነቅበት ተራራውን ተሻግሮ በጅረቱ ውስጥ ወርቅ አገኘ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ምስጢሩን ያወጣው ከእሱ በኋላ የመጣው ዊልያም ትራፎርድ ነው። ትራፎርድ በደስታ “ተሳላሚው ዐረፈ!” ብሎ ሲጮህ ተራራው ቃሉን መልሶ አስተጋባለት፤ የመንደሯም ስም ከዚያ መጣ ይባላል። የገደል ማሚቶውን ጉዳይ ለተራኪዎች እንተወውና፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1873 ሥፍራው የወርቅ ቀጣና ተብሎ ታወጀ። በጥቂት ወራት ውስጥ 1,500 ያህል ቆፋሪዎች 4,000 በሚጠጉ ይዞታዎች ላይ ተሠማሩ።

ያኔ ወርቁ የሚገኘው ከጅረቱ ደለል ነበር። ደለሉ በእንጨት ቦይ ላይ ውኃ ይለቀቅበታል፤ ቀላሉ አፈር ሲወሰድ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል። የአሶሳን ወይም የሻኪሶን ወርቅ አጣቢዎች ያየ ሰው፣ ዛሬ በመንደሯ ለጎብኚዎች የሚታየው የእጥበት ትርኢት እምብዛም አያስደንቀውም።

ከአፈ ታሪኮቹ ሁሉ ጎብኚን ይበልጥ የሚስበው በኮረብታው ላይ ባለው የመቃብር ሥፍራ ይገኛል። ሌሎቹ መቃብሮች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲዘረጉ፣ አንዱ ብቻ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተጋድሟል። ሙታንን ወደ ምሥራቅ አቅንቶ መቅበር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህ ትርጉም ወዲያው ይገባዋል። በላዩ የተጻፈው “የሌባው መቃብር” የሚል ብቻ ነው፤ ስም የለውም። ከድንኳን ወርቅ ሰርቆ ከሠፈሩ ተባረረ፣ ተመልሶ ሲመጣ በጥይት ተመታ፣ በወደቀበትም ተቀበረ ይላሉ።

የሮያል ሆቴል መጠጥ ቤትም የራሱ ወግ አለው፤ ቀድሞ በዛሬዋ ማፑቶ የጸሎት ቤት የነበረ ሲሆን፣ ተፈታትቶ በበሬ ሠረገላ እንደመጣ ይነገራል። በዚያ ዘመን ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ወርቁ አገር የሚወስደው መንገድ በወባና ከብት በሚፈጀው የገንዲ በሽታ የታወቀ ነበርና፣ ወሬው እውነት ከሆነ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ከተረት የማይተናነስ እውነትም አለ። በቦርና በእንግሊዝ ጦርነት ማብቂያ፣ በ1902፣ በሸለቆው ውስጥ የተከበቡ የቦር ተዋጊዎች በማዕድን ማውጫው መሣሪያዎች ተጠቅመው 986 የወርቅ ሳንቲሞች አተሙ። ሳንቲሞቹ ዛሬ ሰብሳቢዎች በብርቱ የሚሹዋቸው ናቸው።

የግለሰብ ቆፋሪዎች ዘመን ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ አክትሟል። የጅረቱ ወርቅ ሲመናመን ኩባንያዎች ገቡ፤ በተራራው ሆድ ዋሻ እየማሱ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ሠሩ። ማዕድኑ ሲዘጋ መንደሯ ለግዛቱ አስተዳደር ተሸጠችና ሕያው ሙዚየም ሆነች። በአስጎብኚዎች ትረካ ውስጥ ባለጋሪውና ሌባው ደምቀው ሲነሱ፣ ከነሱ በፊት በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የፔዲና የፑላና ሕዝቦች፣ በዋሻዎቹም የደከሙት ጥቁር ሠራተኞች በጥቂቱ ብቻ ይጠቀሳሉ። ይህ የጉብኝቱ ትልቁ ጉድለት ነው።

ወርቁም ፈጽሞ አላለቀም። በተተዉት ጉድጓዶች ውስጥ “ዛማ ዛማ” የሚባሉ ፈቃድ የሌላቸው ቆፋሪዎች ይገባሉ፤ ቃሉ በዙሉ ቋንቋ መሞከርን ያመለክታል። በደቡብ አፍሪካ ከእነዚህ ቆፋሪዎች ብዙዎቹ ከሞዛምቢክ፣ ከዚምባብዌና ከሌሶቶ የመጡ ስደተኞች ናቸው። መንግሥት ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ “ቫላ ኡምጎዲ” ማለትም “ጉድጓዱን ዝጋ” በተባለ ዘመቻ ያሳድዳቸዋል። ፓተርሰንም ወርቁን ሳያስመዘግብ በድብቅ ሲያጥብ የነበረ ስደተኛ ነበር፤ የእሱ ጋሪ ግን ዛሬ ለመንደሯ መለያ ሆኗል።