ሚዛናዊ የክሮሞሶም ልውውጥ

እርግዝና ደጋግሞ ሲጨናገፍ በእኛ ዘንድ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ቃል ሾተላይ ነው። ድሮ የክፉ መንፈስ ስም ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ሳይቀሩ፣ የእናትና የፅንስ ደም አርኤች በሚባለው የደም ዓይነት አለመጣጣሙን ይጠሩበታል። የአርኤች ነገር እውነተኛ ችግር ነው፣ መከላከያ መርፌም አለው። ይሁንና ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ ሳይነካ ያልፍና በተከታዮቹ እርግዝናዎች፣ ያውም ፅንሱ ከገፋ በኋላ ይከፋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር እየተደጋገመ ለሚወርድ ፅንስ ሾተላይን መክሰስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቦታው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ውርጃ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱን ሐኪሞች «ባላንስድ ትራንስሎኬሽን» ይሉታል። በአማርኛ «ሚዛናዊ የክሮሞሶም ልውውጥ» ቢባል ያስኬዳል። «ዝውውር» የሚሉም አይጠፉም፤ ግን እዚህ አንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ሁለት ክሮሞሶሞች ቁራሻቸውን ይለዋወጣሉ።

ሰው በየሕዋሱ የዘር መረጃ የተሸከሙ 46 ክሮሞሶሞች አሉት፤ 23ቱን ከእናቱ፣ 23ቱን ከአባቱ ይወርሳል። በብዙ ቤተሰቦች የሚታወቀውን የ11ኛውንና የ22ኛውን ልውውጥ እንውሰድ። ከ11ኛው ጫፍ የተሰበረው ቁራሽ 22ኛው ላይ፣ ከ22ኛው የተሰበረው ደግሞ 11ኛው ላይ ተቀጥሏል። መጽሐፍ ጠራዥ የሁለት መጻሕፍትን የመጨረሻ ገጾች አቀያይሮ እንደሰፋቸው ማለት ነው። ከገጾቹ የጎደለም የተደገመም ስለሌለ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ያድጋል፣ ይማራል፣ ያገባል። ከ500 ሰዎች አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ ልውውጥ እንዳለው ይገመታል፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል።

ጉዱ የሚመጣው ልጅ ሲፈለግ ነው። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲዘጋጅ ከየጥንዱ አንድ አንድ ክሮሞሶም ይወሰዳል። ልውውጡ ያለበት ሰው፣ ማለትም ተሸካሚው፣ ዘንድ ያሉት አራት ናቸው፦ ደህናው 11ኛ፣ የተለዋወጠው 11ኛ፣ ደህናው 22ኛ፣ የተለዋወጠው 22ኛ። ሁለቱ ደህናዎች አብረው ከሄዱ ልጁ ከነገሩ ነጻ ነው። ሁለቱ የተለዋወጡት አብረው ከሄዱም ጤነኛ ነው፤ እንደ ወላጁ ተሸካሚ ከመሆን በቀር። አንድ ደህና ከአንድ የተለዋወጠ ጋር ከተጣመረ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል፤ አንዱ ቁራሽ ሦስት ጊዜ ሲገኝ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። እንዲህ ያለው ፅንስ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወርዳል፤ አልፎ አልፎ ግን የአካልና የአእምሮ እድገት ችግር ይዞ ይወለዳል። ዕድሉ ለሁሉም ተሸካሚ እኩል አይደለም፤ የትኞቹ ክሮሞሶሞች፣ የቱ ጋ እንደተሰበሩ ይወስነዋል።

ሁለት ክሮሞሶሞች ተጣብቀው አንድ የሚሆኑበት ዓይነትም አለ። 13ኛው ከ14ኛው ጋር ሲጣበቅ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ተሸካሚው ሲቆጠር 45 ክሮሞሶም ቢኖረውም ጤነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ክስተቱን በፌንጣ ላይ በገለጸው አሜሪካዊ ተመራማሪ በሮበርትሰን ስም ይጠራል። ለዚህኛው «ልውውጥ» ከሚባል «መጣበቅ» ቢባል ይሻላል።

አገራችን ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ሰባት ቤት ቆጥረን ተጋብተን እንዴት?» የሚል። ሰባት ቤት መቁጠር ጠቃሚ ነው፤ ሁለት ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ድብቅ ጉድለት ለልጃቸው እንዳያቀብሉ ይከላከላል። ልውውጡ ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ መምጣቱ ይበቃል። ያ ወላጅ አባትም ሊሆን ይችላል፤ ፅንሱ የሚወርደው ከሴቷ ማሕፀን ስለሆነ ብቻ ወሬውም ፀበሉም መድኃኒቱም እሷ ላይ ሲዘንብ ኖሯል።

ይህን ስል ውርጃ የገጠማት ሁሉ ልውውጥ አለባት ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ስሕተት ይገኝባቸዋል፤ አብዛኛው ግን ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን በዚያው እርግዝና የተፈጠረ ድንገተኛ ስሕተት ነው፣ በእናት ዕድሜም ይጨምራል። ውርጃ ከተደጋገመባቸው 100 ጥንዶች መካከል ልውውጡ የሚገኘው ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው።

ምርመራው ካርዮታይፕ ይባላል። ከክንድ የሚቀዳው ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ይገባል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ሦስት ቀን ያህል በሞቃት ሣጥን እንዲባዙ ይደረጋል፤ ክሮሞሶሞቹ ጥቅጥቅ ብለው በሚታዩበት ሰዓት የሕዋሳቱ መባዛት በመድኃኒት ይገታል። ከዚያ ክሮሞሶሞቹ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማሉ፤ የወባ ደም ሲመረመር የሚቀባው ያው ጊምሳ ነው። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያነሣቸውን ምስሎች ጥንድ ጥንዱን ያሰልፋል። ልውውጥ ካለ ውጤቱ ላይ «ቲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ትሰፍራለች፤ አጠገቧ በቅንፍ የተለዋወጡት ክሮሞሶሞች ቁጥር ይጻፋል።

ልውውጡን የሚያስተካክል መድኃኒት የለም፤ ተስፋ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ተሸካሚ የሆኑና ውርጃ የተደጋገመባቸውን ጥንዶች ለዓመታት ሲከታተል፣ ከ100ው 83ቱ ቢያንስ አንድ ጤነኛ ልጅ አግኝተዋል። አቅሙ ያላቸው ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰውን አስመርምረው ጤነኛውን ማሕፀን ውስጥ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ በተፈጥሮ መንገድ የፀነሰችም ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ የእንሽርት ውኃ ምርመራ ማድረግ ትችላለች።

ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ፅንስ ከወረደባችሁ ሐኪማችሁን ስለ ካርዮታይፕ ጠይቁ፤ ደም የምትሰጡትም ባልና ሚስት አብራችሁ ይሁን። ልውውጥ ከተገኘ ለወንድምና ለእኅትም ንገሩ፤ ከወላጅ የመጣ ከሆነ እያንዳንዳቸው ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ግማሽ ያህል ነው።