ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሴቶች የሚያስፈልግ ክትትልና ድጋፍ

እንቅርት በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ የሚከሰት የጤና ችግር ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በመውለድ የዕድሜ ክልል ውስጥ ከሚገኙ የአገራችን ሴቶች 35.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አመልክቷል። ከዋና መንስኤዎቹ አንዱ የአዮዲን እጥረት በመሆኑ፣ ለምግብነት የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ወጥቶ ተግባራዊ እየተደረገ ይገኛል።

እብጠቱ መተንፈሻንና የምግብ መዋጫን ሲጫን፣ ሆርሞን ከመጠን በላይ ሲያመነጭ ወይም ካንሰር ሲያጠራጥር ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። ይሁንና የእብጠቱ መወገድ የሕክምናው ፍጻሜ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በተለይ ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት ጤንነቷ የሚጠበቀው ዕድሜ ልክ በሚወሰድ መድኃኒትና በቋሚ ክትትል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ወደ ይፋት ቆላ ቀበሌዎች የምትመለስ ታካሚ ከቀዶ ሐኪሟ የምትርቀው ጥንቃቄ በሚያስፈልጋት ወቅት ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ዕጢው ሙሉ በሙሉ ይሁን በከፊል መውጣቱን፣ የታዘዘውን መድኃኒት መጠንና የቀጠሮ ቀኗን የሚገልጽ ጽሑፍ መያዝ ይኖርባታል። ለምርመራ የተላከ ናሙና ካለም ውጤቱ መቼና ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከታይሮይድ ጀርባ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትናንሽ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምናው ከተነኩ በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን ሊቀንስ ይችላል። ምልክቶቹ የከንፈር ዙሪያና የጣቶች መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ እንዲሁም የእጅና የእግር ጡንቻ መኮማተር ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያሉ። ካልሲየም በደም ሥር መስጠት ሊያስፈልግ ስለሚችል በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሳይዘገዩ መሄድ ይገባል። የአንገት ድንገተኛ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ከሁሉም በላይ አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል እና እየባሰ የሚሄድ የድምፅ መጎርነን ሲኖርም ለጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በጄሪካን ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከምና በሽንኩርት ወይም በማሾ ማሳ ላይ ከባድ ሥራ መሥራት አይመከርም። የቆላው ፀሐይ ጠባሳውን ሊያጠቁረው ስለሚችል አንገትን በንጹሕ ነጠላ ወይም ሻሽ መሸፈን ይጠቅማል።

የዘወትር መድኃኒት አወሳሰድ

ሌቮታይሮክሲን የተባለው እንክብል ዕጢው ያመነጨው የነበረውን ሆርሞን ይተካል። በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ በውኃ ይወሰዳል። የካልሲየምና የብረት ማዕድን እንክብሎች መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያደርጉ በመካከላቸው ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ሊኖር ይገባል። በረመዳን ወይም በሌሎች አጽዋማት ወቅት ታካሚዋ መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ የመውሰጃ ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ተመካክራ ልታስተካክል ትችላለች። ለምሳሌ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ አንዱ አማራጭ ነው።

ከፍተኛ ሙቀት መድኃኒቱን ስለሚያበላሸው ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ ርቆ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት በቤቱ ቀዝቃዛ ሥፍራ መቀመጥ አለበት።

ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ የሚቆይ በመሆኑ መድኃኒቱን ያቋረጠች ሴት ለውጡን በማግሥቱ አትረዳውም። ከሳምንታት በኋላ ግን ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የክብደት መጨመር፣ የወር አበባ መብዛት፣ የመርሳት ችግርና የመንፈስ ጭንቀት ሊከተሉ ይችላሉ። ሌላው ሰው ሙቀት ሲያማርር ታካሚዋ ብርድ ብርድ የሚላት ከሆነም መመርመር ይኖርባታል። ቲኤስኤች የተባለው የደም ምርመራ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ መጠኑ ከተስተካከለ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል። ዕጢው በከፊል የወጣላት ሴት መድኃኒት ላያስፈልጋት ቢችልም፣ ይህ የሚታወቀው በዚሁ ምርመራ ነው።

እርግዝናና ጡት ማጥባት

ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን የታይሮይድ ሆርሞን ይጠቀማል። በመሆኑም ዕጢዋ የወጣላት ሴት ከማርገዟ በፊት ብትመረመር ይመረጣል፤ የወር አበባዋ እንደቀረ ግን ወዲያውኑ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል። በእርግዝና ወቅት የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጨምር፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የብረት ማዕድንና ፎሊክ አሲድ እንክብልም መቋረጥ ሳያስፈልገው በተለያየ ሰዓት ይወሰዳል። ጡት የምታጠባ እናትም በታዘዘላት መጠን መድኃኒቱን ትቀጥላለች።

የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድርሻ

ድካምና ዝምታ የሆርሞን ማነስ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ የትዳር አጋርና ቤተሰብ እንደ ስንፍና ሊቆጥሯቸው አይገባም። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ለመግዣና ለቀጠሮ መጓጓዣ የሚሆን ወጪ ማዘጋጀት የቤተሰቡ የጋራ ኃላፊነት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ዓመታዊ አባልነታቸውን በወቅቱ በማደስና የሪፈራል ቅደም ተከተልን በመጠበቅ አገልግሎቱን ማግኘት ይችላሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ታካሚዋ መድኃኒቷን በአግባቡ መውሰዷንና የቀጠሮ ቀኗ አለማለፉን እንዲያረጋግጡ ይጠበቃል። አዮዲን ያለው ጨው ለመላው ቤተሰብ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ለወጣላት ሴት የመድኃኒቱ ምትክ አይሆንም። ስለሆነም ጨው በመቀየር ወይም ጤንነት ስለተሰማ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ማናቸውም ለውጥ የሚደረገው ከሐኪም ጋር በመመካከር ነው።