የበለዘ ጥርስ፣ ሴራሚክና ሰማያዊ ብርሃን፦ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ስለሚለጠፉ ቪኒየሮች

ቡናማ ጥርስን ለመደበቅ የሚመረጠው ሴራሚክ ብርሃን እንዳያሳልፍ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ያንን ሴራሚክ ከጥርሱ ጋር ለማጣበቅ የሚመረጠው ሬዚን ሲሚንቶ ግን ብርሃን በበቂ መጠን ካልደረሰው አይጠነክርም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ግጭት ነው። የምሟገተውም የሲሚንቶው ምርጫ መጨረሻ ላይ፣ ሴራሚኩ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ መሆን እንደሌለበት ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ቀለም መጀመሪያ ባየበት ሰዓት ሲሚንቶውንም እየመረጠ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ግጭቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአዲስ አበባ የመርካቶው አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው። ከጎጃም በረንዳ እስከ ሰባተኛ ባሉት መንገዶች አልጋ ቤቱ፣ የጅምላ መደብሩና የጥርስ ክሊኒኩ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከታካሚዎቹ መካከል ከመቂ፣ ከዝዋይ ወይም ከአዳማ ሱቁን ሊሞላ የመጣ ነጋዴ አለ። ዕቃውን አስጭኖ እስኪመለስ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያፍርበት የኖረውን ጥርስ ማስዋብ ይፈልጋል። ፎቶ ሲነሣ ከንፈሩን የሚገጥም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው የሚያነሣው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በሚገባ ሊመለስለት ይገባል።

የውሃው ዕዳ

እነዚህ ከተሞች በሚገኙበት በስምጥ ሸለቆ ለጥርስ መበለዝ ዋናው ምክንያት ፍሎራይድ ነው። በእሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየሙ አነስተኛ፣ ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ከፍተኛ ስለሆነ ፍሎራይድ በብዛት ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ባስጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እርሻዎች፣ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ከጥርስ አልፎ አከርካሪን በሚያጎብጥ የአጥንት ፍሎሮሲስ ተጎድተዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያሳተሙት ጥናት ችግሩ በስምጥ ሸለቆ ሰፊ መሆኑን ለሕክምናው ዓለም አሳይቷል። ቪኒየር፣ ማለትም በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፈው ስስ ሴራሚክ፣ ይህን አያድንም። ሕፃናቱን የሚያድነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይህን ጮክ ብለን የመናገር ግዴታ አለብን።

ጥርስ በፍሎራይድ የሚጎዳው ገና ከድድ በታች ሲሠራ ነው። የፊት ጥርሶች ሽፋን ማለትም ኢናሜል፣ ተሠርቶ የሚያልቀው በልጅነት፣ ከሞላ ጎደል እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዐዋቂ ሆኖ ወንጂ የገባ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። ዝዋይ ተወልዶ በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ ግን ምልክቱን ዕድሜ ልኩን ይይዘዋል። ለሕክምናው ወሳኝ የሆነ ሌላም ነገር አለ። ቡናማው ቀለም ከጥርሱ ጋር አብሮ አይወጣም። ጥርሱ የሚበቅለው ነጣ ብሎ፣ ከላይ ደንዳና ሆኖ ከሥሩ ግን የተቦረቦረ ኢናሜል ይዞ ነው። በዓመታት ውስጥ ቀለም ወደ ቦርቧራው ክፍል ይሰርግና ቡናማ ይሆናል። ቲልስትሩፕና ፌየርስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት መለኪያ ጉዳቱን ከ0 እስከ 9 ይመድበዋል፦ በዝቅተኛው ደረጃ ስስ ነጭ መስመሮች ይታያሉ፤ በከፍተኛው ኢናሜሉ እየተፈረፈረ ይረግፋል።

ይህ የኢናሜሉ አሠራር ለማጣበቅ ሁለት ችግር ያመጣል። ማይክል ቡኦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ማሻከር ሬዚንን አጥብቆ እንደሚያስይዝ ካሳየ ወዲህ፣ የጥርስ ማጣበቅ ሥራ ሁሉ በዚያ ግኝት ላይ ቆሟል። ዛሬ 35 ወይም 37 በመቶ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቀባል። የፍሎሮሲስ ጥርስ ላይኛው ሽፋን ግን አሲድን ይቋቋማል። ጊዜውን ወደ 60 ሰከንድና ከዚያ በላይ ማራዘም ወይም ያንን ሽፋን በስሱ ሞርዶ ማንሣት ያስፈልጋል። በጣም ከሞረዱት ደግሞ ቦርቧራውና ደካማው ኢናሜል፣ ሲብስም ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን ይገለጣል። ዴንቲን ላይ የተለጠፈ ቪኒየር ኢናሜል ላይ እንደተለጠፈው አይጸናም። ስለዚህ ቡናማው እስኪጠፋ ድረስ መሞረድ ቀለሙን ቢያነሣም የሚጣበቅበትን መሬት ያበላሻል።

ብርሃኑ የት ድረስ ይገባል

በብርሃን የሚጠነክረው ሬዚን ሲሚንቶ ሥራው ቀላል ይመስላል። በውስጡ ያለው ካምፎርኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር 470 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይመጥጥና ሞኖመር የተባሉት የሬዚኑ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እንዲያያዙ ያስጀምራል። ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ እንደ ለጥ ያለ ቅባት ስለሚቆይ፣ ሐኪሙ ስድስቱን ወይም ስምንቱን ቪኒየር ተረጋግቶ ያስቀምጣል፣ ያስተካክላል፣ ትርፉን ይጠርጋል። ቀለሙም በዓመታት ብዛት እምብዛም አይለወጥም። ለስስ ቪኒየር ተመራጭ የሆነው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ሁለት መንገድ ያለው፣ ማለትም በብርሃንም በኬሚካልም የሚጠነክረው ሲሚንቶ፣ ብርሃን በማይደርስበትም ይሠራል። ሆኖም ብዙዎቹ ዓይነቶች የያዙት አሮማቲክ አሚን በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫነቱም በስስ ሴራሚክ ሥር ይታያል። ወፍራም ዘውድ ሥር ማንም አያየውም፤ የፊት ጥርስ ላይ ግን ከዓመታት በኋላ ታካሚው ራሱ በመስተዋት ያየዋል።

እንግዲህ ሂሳቡ እዚህ ላይ ይጀምራል። በስኩዌር ሴንቲሜትር 1000 ሚሊዋት የሚሰጥ መብራት ለ20 ሰከንድ ሲበራ 20 ጁል ያደርሳል። መካከል ላይ የገባው ሴራሚክ ከብርሃኑ ሲሶውን ብቻ ያሳልፋል ብንል፣ ሲሚንቶው የሚያገኘው 7 ጁል እንኳ አይሞላም። ያንኑ 20 ጁል ለማድረስ 60 ሰከንድ ያስፈልጋል። መብራቱ አርጅቶ 400 ሚሊዋት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሙሉው 60 ሰከንድ የሚያደርሰው 8 ጁል ያህል ነው። የውፍረቱ ነገርም አለ፤ አንድ ሚሊሜትር ሴራሚክ ከብርሃኑ ግማሹን ካስቀረ ሁለት ሚሊሜትር ሩብ ብቻ ያሳልፋል። ከሴራሚክ ዓይነቶች ዚርኮኒያ ከሊቲየም ዳይሲሊኬት የባሰ ይጋርዳል። ቡናማ ለመሸፈን የሚታዘዘው ወተት የመሰለ ሴራሚክም እንዲሁ።

የዚህ ስሕተት ክፋቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው። ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ብርሃኑን በቀጥታ ስለሚያገኝ፣ በመመርመሪያ መርፌ ሲነካ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ከሴራሚኩ መሐል ሥር ያለው ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ታካሚው አመስግኖ ይሄዳል። በወራት ውስጥ ያልጠነከረው ሬዚን ውሃ ይመጥጣል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ቪኒየሩም አንድ ቀን ዳቦ ሲገመጥ ይወልቃል። ያኔ የሚወቀሰው ሴራሚኩ ወይም ቴክኒሻኑ ነው።

ከወለቀ ቪኒየር ብዙ መማር ይቻላል፤ ተመልካች ግን ያንሰዋል። የውስጥ ፊቱን በማጉያ ያየ ሐኪም ሲሚንቶው ከየት እንደተለቀቀ ያውቃል። ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ ሴራሚኩ ላይ ቀርቶ ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ ከኢናሜሉ ዝግጅት ነው። ሴራሚኩ ንጹሕ ሆኖ ሲሚንቶው ጥርሱ ላይ ከቀረ፣ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የማሻከሩ ወይም ሲሌን የተባለውን ማያያዣ የመቀባቱ ሥራ ተበላሽቷል። ሊቲየም ዳይሲሊኬት በ5 በመቶው አሲድ ለ20 ሰከንድ ብቻ ይሻከራል፤ ዚርኮኒያ ደግሞ በዚህ አሲድ ጨርሶ ስለማይሻከር በአሸዋ ተነፍቶ ኤም ዲ ፒ የተባለ ማያያዣ የያዘ ቅብ ይቀባል። ሲሚንቶው ከሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ላይ ተገኝቶ፣ በመርፌ ሲጫር እንደ ሰም የሚላጥ ከሆነ ግን ብርሃን አልደረሰውም።

ቀለሙን አስቀድሞ ማቅለል

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መካከለኛ ፍሎሮሲስ ባለበት ጥርስ ላይ ቡናማውን ሴራሚክ እንዲሸፍነው ከማዘዝ በፊት ከጥርሱ መቀነስ ይገባል። ቀለሙ በኋላ የሰረገ ስለሆነ ብዙው ይወጣል። አሲድና ደቃቅ መፋቂያ ዱቄት ቀላቅሎ ላይኛውን ሽፋን በስሱ መፈግፈግ፣ ከዚያም በፐርኦክሳይድ ማንጣት፣ ጠቆር ያለውን ወደ ፈዛዛ ያወርደዋል። አንዳንዱ ታካሚ እዚህ ላይ ረክቶ ቪኒየሩን ይተወዋል፤ ለእሱም ለኪሱም ይበጃል። ለቀረው ታካሚ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊሜትር የሚሆን ብርሃን አሳላፊ ሴራሚክ ይበቃዋል፣ ብርሃኑም ይገባል፣ በብርሃን ብቻ የሚጠነክረው ሲሚንቶ በሙሉ ልብ ይሠራበታል።

እንቅፋቱ ጊዜ ነው። ከማንጣት በኋላ በጥርሱ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ሬዚን እንዳይጠነክር ስለሚያግድ፣ ለማጣበቅ ወደ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ለመንገደኛ ሁለት ሳምንት ብዙ ነው። «ዶክተር፣ ማክሰኞ ተሳፋሪ ነኝ» ያለውን ሰው በማክሰኞ ለማድረስ ሲባል ወፍራምና ነጭ ሴራሚክ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን በሁለት ጉዞ መክፈል ግን ይቻላል። ነጋዴው ለዕቃ መመላለሱ አይቀርም፤ በአንዱ ጉዞ ይነጣል፣ በሚቀጥለው ይለጠፍለታል። የማይመላለስ ከሆነና ጥርሱ እጅግ የጠቆረ ከሆነ ወፍራሙ ሴራሚክ ሁለት መንገድ ባለው ሲሚንቶ ይለጠፍ፤ ወደፊት ቀለሙ ጥቂት ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮት።

ጥርሱ ከተሞረደ በኋላ ሴራሚኩ እስኪለጠፍ ድረስ ጊዜያዊ ሽፋን የሚያጣብቀው ሲሚንቶም ጥንቃቄ ይሻል። ዩጂኖል ያለበት ከሆነ ከቅርንፉድ የሚገኘው ይኸው ንጥረ ነገር የሬዚንን መጠንከር ያውካል። የጥርስ ሕመም ሲይዘው ቅርንፉድ መንከስ የለመደ ታካሚ እንኳ በእነዚያ ቀናት እንዲተወው ሊነገረው ይገባል።

ለመለጠፍ በተቀመጠበት ቀን ከራስ በላይ ያለው የወንበሩ መብራት ወደ ጎን ይዞራል፤ ካልዞረ ሲሚንቶው ሳይታሰብ ይጀምራል። ቪኒየሩ ከተቀመጠ በኋላ ሰማያዊው ብርሃን ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ብቻ ይነካዋል፤ ትርፉ እንደ ላስቲክ ሲሆን በስለት ተላጦ ይነሣል። ከዚያ ጠርዙ ግሊሰሪን ይቀባል፤ አየር የነካው ሬዚን ላይ ላዩ አይጠነክርምና። ቀጥሎ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን እያንዳንዱ ጥርስ ሙሉ ጊዜውን ይበራለታል፤ ጥርሱ እንዳይግል በየመካከሉ አየር እየተነፋ። የመብራቱ ጫፍ ከጥርሱ ጥቂት ሚሊሜትር ሲርቅ ብርሃኑ ይሳሳል። ጫፉ ላይ የደረቀ የሬዚን ቅሪት ካለ ደግሞ ጭራሹን ይቀንሳል፤ ይህን ለማየት መብራቱን አጥፍቶ ጫፉን በመስኮት ብርሃን ማየት በቂ ነው። መርካቶ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲቆራረጥ በባትሪ የሚሠራው መብራት ሥራውን ያስቀጥላል። ባትሪው ሲያረጅ ግን ዓይን ብሩህ አድርጎ የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን በመለኪያ ሲፈተሽ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ራዲዮሜትር የተባለው ይህ መለኪያ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ መለካትና ቁጥሩን ግድግዳ ላይ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም።

በአውቶቡስ ተራ የተሠራ ጥርስ ችግር ሲገጥመው የሚታየው ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ፣ በሌላ ሐኪም ነው። ስለዚህ ታካሚው ሲሄድ የሴራሚኩን ዓይነትና ውፍረት፣ የሲሚንቶውን ስም፣ ኢናሜሉ ለስንት ሰከንድ በአሲድ እንደተሻከረ፣ መብራቱ በዚያ ሳምንት ስንት ሚሊዋት እንደለካና ለስንት ሰከንድ እንደበራ የሚገልጽ ካርድ ሊሰጠው ይገባል። ሐዋሳ ያለው ሐኪም የወለቀውን ቪኒየር በማጉያ እያየ ካርዱን ሲያነብ፣ መልሶ በምን እንደሚለጥፈው ከመገመት ያድነዋል።