የደበዘዘው አዝራር ታሪክ

ለጊዜው የማይሠራ ትእዛዝን በስክሪን ላይ አደብዝዞ የማሳየት ልማድ በሰፊው የታወቀው አፕል በ1983 እ.ኤ.አ. ሊሳን፣ በዓመቱም ማኪንቶሽን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪን ከጥቁርና ከነጭ በቀር ቀለም ስላልነበረው፣ የደበዘዘው ጽሑፍ ግራጫ የሚመስለው ከፊደሉ ነጠብጣቦች ግማሾቹ እየጠፉ ነበር። ምንም ጽሑፍ ያልመረጠ ሰው ሜኑውን ሲከፍት «ቅዳ» የሚለውን ደብዝዞ ያገኘዋል። ከተሳሳተ በኋላ ከመገሠጽ አስቀድሞ እንዲያውቅ መደረጉ ለተጠቃሚው የተሰጠ ትልቅ ክብር ነው።

የዚህ ክብር ሸክም ግን በፕሮግራመሩ ጫንቃ ላይ አረፈ። ማኪንቶሽም ሆነ በ1985 የወጣው ዊንዶውስ የሜኑ ትእዛዝን ማብሪያና ማደብዘዣ መንገድ ሰጥተዋል፤ መቼ እንደሚደበዝዝ ማሰብ ግን የፕሮግራመሩ ፈንታ ነበር። «አስቀምጥ» የሚለው ትእዛዝ በሜኑም በአዝራርም ሲገኝ፣ የሰነዱ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ሁለቱንም ማስተካከል ያስፈልጋል። አንዱ ከተረሳ ሜኑው የከለከለውን አዝራሩ ይፈቅዳል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም መሥሪያ ላይብረሪ ኤምኤፍሲ አሠራሩን ገለበጠው። ሜኑ ሊከፈት ሲል፣ ለቱልባር ደግሞ ፕሮግራሙ ሥራ በፈታበት ቅጽበት፣ ኤምኤፍሲ ራሱ «ይህ ትእዛዝ አሁን ይቻላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚፈጽመው ኮድ ያልተጻፈለትን የሜኑ ትእዛዝ ሳይታዘዝ ያደበዝዘዋል። ትእዛዝን ራሱን የቻለ ኦብጀክት ማድረግም በ1994 በታተመው በጋማ፣ በሄልም፣ በጆንሰንና በቭሊሲደስ «ዲዛይን ፓተርንስ» መጽሐፍ ተብራርቶ ተስፋፋ። የጃቫ ስዊንግና ዴልፋይም በዚሁ መንገድ ሄዱ።

ሐሳቡ በጣም ጠርቶ የወጣው በ2006 ከዶትኔት 3.0 ጋር በቀረበው የማይክሮሶፍት የስክሪን ገጽታ መሥሪያ፣ በደብሊውፒኤፍ፣ ነው። አይኮማንድ የተባለው ውል ሦስት ነገር ብቻ ይዟል፦ ትእዛዙን መፈጸም፣ መፈጸም ይቻል እንደሆነ መመለስ፣ መልሱ ሲለወጥ ማሳወቅ። አዝራሩ ከትእዛዙ ጋር በባይንዲንግ ከተያያዘ በኋላ መብራቱም መደብዘዙም የትእዛዙን መልስ ይከተላል፤ ፕሮግራመሩ አዝራሩን በስሙ መጥራት አያስፈልገውም።

ከሦስቱ ያስቸገረው የመጨረሻው፣ ለውጡን ማሳወቁ፣ ነው። ከደብሊውፒኤፍ ጋር አብሮ የመጣው ኮማንድ ማናጀር ጥያቄውን የሚደግመው ተጠቃሚው ማውስ ሲጫን፣ ኪቦርድ ሲነካ ወይም ፎከስ ሲቀየር ነው። ከጀርባ ሲካሄድ የቆየ ሥራ ሲያልቅ ግን ከእነዚህ አንዱም አይከሰትም። ስለዚህ ፋይሉ ወርዶ ካበቃ በኋላም አዝራሩ ሰው ስክሪኑን እስኪነካ ድረስ ደብዝዞ ሊቆይ ይችላል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ፕሮግራመር ስሕተቱን በራሱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። መድኃኒቱ ኮማንድ ማናጀርን በግልጽ እንደገና እንዲጠይቅ ማዘዝ፣ ወይም ለውጡን ትእዛዙ ራሱ እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት የኤምቪቪኤም (የስክሪኑን ገጽታ ከፕሮግራሙ አሠራር የሚለይ አደረጃጀት) ላይብረሪዎች አንዳንዶቹ ሁለተኛውን መርጠዋል፦ ፕሮግራመሩ ትእዛዙ በየትኛው መረጃ ላይ እንደሚመሠረት ይጽፋል፤ መረጃው ሲለወጥ ማሳወቂያውን የሚልከውን ኮድ ላይብረሪው ራሱ ያዘጋጃል።