ልደታና የዓለም ካርታ

የአንድ አገር ልጆች ስለ ምድር፣ ስለ ጥንታውያን ሕዝቦችና ስለ ተፈጥሮ ሕግ የሚቀስሙት የመጀመሪያ ዕውቀት ከየት መነሣት ይኖርበታል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ተገቢውን መልስ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖሯል። ይህ ጽሑፍ የአዲስ አበባን የልደታ ሰፈር ምሳሌ አድርጎ ጉዳዩን ለመመርመር ይሞክራል።

በአማርኛ የተዘጋጀ የጂኦግራፊ መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንደን ላይ ታትሟል። አዘጋጁ በአድዋና በሸዋ የቆየው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት የዓለም ታሪክ መጽሐፍም አሳትሟል። ቋንቋው አማርኛ፣ የታቀደው ግን ለሚሲዮኑ ሥራ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ መጡ። ከፋሺስት ወረራ በፊት ፈረንሳይኛ፣ ከድል በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛ በዘመናዊ ትምህርት ላይ ሠልጥነው ቆዩ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይህን መብት በፖሊሲ ያገኙት በ1986 ዓ.ም. ነበር።

ይሁን እንጂ የቋንቋ መለወጥ ብቻውን የዕውቀትን መነሻ አይለውጥም። ለዚህም አንድ ምሳሌ እናቅርብ። «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይይዘዋል። አባባሉ እውነትነት ያለው በባሕር ወለል ደረጃ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ልደታ ላይ የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ የባቄላ ንፍሮ ጅቡቲ ከሚወስደው ጊዜ ይበልጥ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እናት በማገዶዋ የምታውቀውን ነገር ልጅ ከትምህርት ቤት በተቃራኒው ተምሮ ሲመለስ፣ ወይ ምድጃውን ይንቃል፤ ወይ መጽሐፉን ከሕይወት ለይቶ ለፈተና ብቻ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ሰፈሩ ለጂኦግራፊም ሰፊ ሰሌዳ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ መናኸሪያው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ስስ አየር ክንፍን የመሸከም ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ በደጋ የሚነሣ አውሮፕላን ከቆላው የረዘመ ማኮብኮቢያ ይሻል። የልደታ ሜዳ ለጄት አውሮፕላኖች አልበቃ ብሎ በ1950ዎቹ ዓመታት ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ድስቱን በቶሎ የሚያፈላውና አውሮፕላኑን የሚያዘገየው ያው አንድ አየር መሆኑን የተረዳ ተማሪ ሳይንስን አወቀ ማለት ነው።

ዝናቡም ያስተምራል። ልደታ ላይ የወረደው ጎርፍ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ኅዳር 1967 ዓ.ም. 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ልጅ የጎርፉን መንገድ በካርታ ላይ በጣቱ ቢከተል ከሰው ዘር ጥንታዊ መኖሪያ አንዱ ዘንድ ይደርሳል።

የጥንታውያን ሥልጣኔዎች ትምህርትም ቢሆን ከደጃፍ ሊጀመር ይችላል። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው በዓሉ ግንቦት 1 ቀን ከሚከበረው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀኑ የሚቆጠርበት የዘመን አቆጣጠር አሥራ ሁለት ባለ 30 ቀን ወራትና ተጨማሪ ቀናት ያሉት ሲሆን፣ መሠረቱ ከጥንታዊት ግብፅ በእስክንድርያ በኩል የመጣ ነው። «ጳጉሜን» የሚለው ቃል ራሱ «ተጨማሪ» ከሚል የግሪክ ቃል የተወረሰ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የ19 ዓመት ዑደት ይዘው አበቅቴና መጥቅዕን ሲያወጡ፣ የሁለቱም ድምር 30 መሆኑን ለደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ፣ የሚያካሂዱት የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ የማስታረቅ ስሌት ነው። ፈርዖን በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ብቻ የሚገኝ ባዕድ የሚመስለው ተማሪ፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የዚያው ሥልጣኔ ወራሽ መሆኑን አልተነገረውም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ፊደል ለለየው ሕዝብ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚያስረዱ መጻሕፍት ቀርበው ነበር። ከኑሮ የመነሣት አቅጣጫው ትክክል ነበር። በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ወደ ዝቅተኛ ክፍሎች የገባው የአካባቢ ሳይንስም ይህንኑ ሐሳብ በስሙ ይዟል። ግን ከማእከል የሚላክ መጽሐፍ የቱንም ያህል ቢሻሻል የእያንዳንዱን ሰፈር ድስት ሊያውቅ አይችልም። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ጥቂት አልፎ ነው። የየአካባቢውን ቁጥር መለካት ያለባቸው እዚያው ያሉት መምህርና ተማሪዎች ናቸው።

ከአካባቢ መነሣት ማለት በአካባቢ መታጠር ማለት አይደለም። የልደታ ልጅ ካይሮንም፣ አቴናንም፣ ለንደንንም ማወቅ አለበት። ሆኖም ሩቁን የሚለካበት የራሱ ነጥብ ያስፈልገዋል። ይህን ነጥብ ማስጨበጥ የመምህሩ ተግባር ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። የትምህርትና የባህል ሠራተኞች ለየትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትርና የአካባቢ ካርታ እንዲደርስ ሊጥሩ፣ ደራስያንና የቴያትር ሰዎችም የአዋሽን ጉዞና የባሕረ ሐሳብን ስሌት ለልጆች መድረክ ሊያበቁ ይገባል።