ስምንት ጠገራ ብር በአንድ ተኩስ

መርካቶ፣ አሮጌ የብር ጌጥ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባሁና፣ «ጋሼ፣ ስምንት ጠገራ ብር አንድ ላይ ይመዝኑልኛል?» አልኳቸው።

«ለአንገት ጌጥ ነው?»

«አይ፣ ለጥይት።»

እጃቸው ሚዛኑ ላይ ቀረ። ዙሪያውን ገልመጥ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይወራም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥይቱ ከ160 ዓመት በፊት የተተኮሰ መሆኑን ስነግራቸው ግን ሳቁና ብሮቹን ደረደሩልኝ። 224 ግራም።

ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1861 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ ተከዜ ወርዶ ሰቲት በሚባልበት ቆላ ዝሆን ያድን ነበር። ከጠመንጃዎቹ አንዱ የሚተኩሰው ፈንጂ አረር ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም እነዚህን ስምንት ብሮች ያህል ይመዝናል። የባሩዱ ልክ 10 ድራም ነው፤ 18 ግራም ገደማ። ከአንድ ጠገራ ብር ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም! ጠመንጃው ራሱ 9 ኪሎ ብቻ ስለነበረ ግን ሲተኮስ ሰውየውን ያሽከረክረው ነበር። ዐረቦቹ አጃቢዎቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት፤ እሱ አሳጥሮ «ሕፃኑ» አለው። በተኮሰው ቁጥር እንደጣለበት ጽፏል። የአዳኝ ወሬ ነው፣ እኛም ፉከራ እናውቃለን። ከዚያ ቀጥሎ የጻፈውን ግን አምነዋለሁ፦ ጠመንጃውን ስለሚፈራው ከስንት አንዴ ነው የሚተኩሰው።

የድሮ ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ውታፍ፣ ከዚያ በዘንግ እየተገፋ የሚወርድ አረር። ልኩን የሚፈልግ ሰው ከትንሽ ተነስቶ፣ ባሩዱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ኢላማ ላይ ይተኩሳል። ቀዳዳዎቹ ሲሰበሰቡ እዚያው ይቆማል፤ መበታተን ሲጀምሩ ይመለሳል። የሚበትናቸው ሁልጊዜ ብረቱ አይደለም። ትከሻው ምቱን አስቀድሞ ሲጠብቅ ጣት ይሸሻል፣ ዓይን ይጨፈናል። ቤከር ልኩን ያገኘው ለዝሆኑ ነው እንጂ ለራሱ አልነበረም።

የእኛ ነፍጠኞች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። ባሩዱ እዚሁ አገር በእጅ ይቀመም ነበር፤ ከአፈር ከሚነጠር ጨው መሰል ነገር፣ ከድኝ፣ ከከሰል። ቅመማው ሲለያይ ወይም እርጥበት ሲገባው ጉልበቱም ይለያያል፣ ስለዚህ የትናንቱ ስፍር ለዛሬው ባሩድ ላይሠራ ይችላል። ቢያንስ ጠመንጃው ተሰንጥቆ ፊታቸው ላይ ይፈነዳል፣ ቢበዛ... አይ፣ ገለበጥኩት። ቢያንስ ዝሆኑ ቆስሎ ይመጣባቸዋል፤ ቢበዛ ነው ፊታቸው ላይ የሚፈነዳው። እንደገና ለማጉረስ ደግሞ ዝሆን ጊዜ አይሰጥም።

ከቤከር ጋር የነበሩት የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ነበር የሚያድኑት። አንዱ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያስቆጣል፣ ሌላው ከኋላ ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። ባሩድ የለ፣ ሚዛን የለ።

ይሄን ሁሉ ስተርክ ባለሱቁ ብሮቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ነበር። የመጨረሻውን መዳፋቸው ላይ አስቀርተው፣ «ባሩዱ ከዚህች ያንሳል ነው የምትለኝ?» አሉና አገላብጠው አዩት።

«ያንሳል፣ ጋሼ።»

«እና ትገዛለህ ወይስ ወሬ ብቻ ነው?»