የልደታ እናቶችና የፎልስታይን ፈተና፦ በእርጅና የሚመጣ ድባቴ በምን ይለካ?

በእርጅና የሚመጣ ድባቴ የልብ ሐዘን ብቻ አይደለም፤ አንጎልንም ይነካል። ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በብዙ ሕሙማን ዘንድ አንሶ እንደሚታይ በተደጋጋሚ ተጽፏል። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ይህ ጉዳት በሚለካበት መለኪያ ላይ ነው። ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቹ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ ችሎታ ፈተና በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቷል፤ ከ24 በታች ያገኘ ሰው አእምሮው ተዳክሟል ተብሎ በተለምዶ ይጠረጠራል። ነጥቦቹ ይቆጠሩ። ጽሑፍ አንብቦ መፈጸም 1፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን አይቶ መሣል 1፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድ 5። ፊደል ሳይቆጥሩ ያረጁ የአዲስ አበባ ልደታ እናት እነዚህን ስምንቱን ካጡ፣ ቀሪውን ሁሉ ቢመልሱ እንኳ 22 ላይ ይቀራሉ። «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ዛሬማ ሚካኤል አይደል!» የሚሉም አሉ። ወሩ በገባ በ12 ማለታቸው ነው፤ መልሱ ምንም አልጎደለውም፤ ቁጥር ብቻ የሚጠብቅ ጠያቂ ግን ነጥብ ይነፍጋቸዋል።

የባሰው ጉድለት ሌላ ነው። ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መላምት በአግባቡ አልተነበበም። እንደ መላምቱ፣ የደም ግፊትና ስኳር ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲጎዱ፣ የፊተኛውን አንጎል ከውስጠኛው የሚያገናኙት መስመሮች ይታወካሉ፤ ድባቴውም ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ጉዳቱ በኤም.አር.አይ. ምስል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ታማሚው ከመርሳቱ ይልቅ መዘግየቱ፣ ማቀድና ጀምሮ መጨረስ ማቃቱ ይጎላል። ለዚህ ችሎታ የፎልስታይን ፈተና የመደበው ጥያቄ የለም።

ቤት ውስጥ ግን ምልክቱ አይደበቅም። እናት ቡናውን ቆልተው ሳይወቅጡት ቁጭ ይላሉ፤ ሲኒው ተደርድሮ ጀበናው ሳይጣድ ይቆያል። ልጃቸው «እማዬ፣ ጀበናው አይጣድም?» ስትላቸው ተነሥተው ሥርዓቱን አንድም ሳያጓድሉ ይፈጽማሉ። አልረሱትም፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ቀጣዩ መሻገሩ ነው ያቃታቸው።

«ፊደል ላልቆጠሩት ማለፊያውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል» ይባላል። አይበቃም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነጥብ በመቀነስ አይመለስም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙዎችን አስተምሯል የሚለው እውነት ቢሆንም፣ በጎልማሳነት የተለቀመ ፊደል ካልተሠራበት ይጠፋል። ኤም.አር.አይ. ይፍረድ ለሚሉትም፣ ነጠብጣቡ ድባቴ በሌለባቸው አረጋውያን ላይም ይታያል።

እርግጥ መላምቱ ድባቴን ሁሉ አያብራራም፤ በወጣትነት የጀመረው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ይህ ግን መለኪያውን ነፃ አያወጣውም። አሌክሶፖሎስ ራሱ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው አነስተኛ ጥናት፣ ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍታት የሚያለማምድ የ12 ሳምንት ሕክምና ማቀድ ለተሳናቸው አረጋውያን ከማጽናኛ ምክር የበለጠ ጠቅሟል። ማቀድ ካልተለካ ይህ ሕክምና ለማን እንደሚገባ አይታወቅም። 10/66 የተባለው የጥናት ቡድንም ባልተማሩ አረጋውያን ዘንድ የቤተሰብን ቃል የመርሳት በሽታ መለኪያው አካል አድርጎታል። በልደታ የሚዘጋጅ መጠይቅም ከቅርጹ ሥዕል በፊት ልጅን ወይም ጎረቤትን ይጠይቅ፦ ቡናው ተጀምሮ ያልቃል? ዕድሩ በጊዜው ይከፈላል? የግፊት መድኃኒታቸውን ሳይነገራቸው ይወስዳሉ?